አልወልቅ ያለ ፈገግታ

በሆቴሉ መግቢያ፣ የበሩ ምንጣፍ አልቆ እብነበረዱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ጣት የማታህል ቀጭን የነሐስ መስመር ወለሉ ውስጥ ተቀብራለች። ስትሠራ ለጌጥ ነበር። ኋላ ግን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሕግ አወጣባት፦ እንግዳ እግሩን ከነሐሷ ወዲህ ሲያሳርፍ የእንግዳ ተቀባይዋ ፈገግታ ይጀምራል፤ እንግዳው ተመልሶ ነሐሷን ተሻግሮ እስኪወጣ ድረስም አይቋረጥም።

«መሀል ላይ ቢያዛጋንስ?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌው በረኛ።

«በፈገግታ ያዛጋሉ፣ አባባ።»

«እኔ የተቀጠርኩት በር ልከፍት ነው። ጥርስ ለመክፈት ማን ደሞዝ ቆረጠልኝ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፤ ሕጉ ግን ንቅንቅ አላለም። በረኛው የሚቆሙት ከነሐሷ ወዲያ ስለሆነ አመለጡ። ሕጉ የወደቀው ከባንኮኒው ጀርባ በምትቆመው እንግዳ ተቀባይ ላይ ነው።

ባልደረቦቿ «ጀነሬተር» ይሏታል። መብራት ሲጠፋ አዳራሹ ይጨልማል፣ ሊፍቱ ሰው እንደያዘ ይቆማል፣ እንግዳው ይንጫጫል፤ የሷ ፊት ግን እንደበራ ነው። «ትልቁ ጀነሬተር እስኪነሳ በትንሿ ተጠቀሙ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ፈገግ ትላለች። ሌላ ምን ታደርግ?

ሥራውን ስትጀምር አንዲት አሠልጣኝ መጥታ ለአዲሶቹ ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው እስክሪብቶ አደለቻቸው። «በጥርሳችሁ ያዙት፤ ከንፈራችሁ እንዳይነካው» አለች። እንዲህ ሲያደርጉት የአፍ ጥግ ሳይወድ በግድ ወደ ጆሮ ይሳባል። ጀነሬተር እስክሪብቶውን ይዛ መንጋጋዋ እስኪንቀጠቀጥ ቆየች። ከሁሉም በላይ የተመሰገነችው እሷ ነበረች። አሠልጣኟ ሌሎቹን ሰብስባ «ይችን እዩ፣ ይችን!» አለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ፈገግታ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት፤ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ደስ ይላል። ፈገግ ስንል በተለይ ሁለት ጡንቻዎች ይሠራሉ። አንደኛው ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ የአፍን ጥግ ወደ ላይ የሚስበው ነው። ይሄኛው ታዛዥ ነው፤ «ሳብ» ሲሉት ይስባል። ሁለተኛው ዓይንን እንደ ቀለበት የከበበው ነው። ከልባችን ደስ ሲለን ይህ ቀለበት ሰብሰብ ይላል፤ ጉንጫችን ከፍ፣ የዓይናችን ጥግ ሸብሸብ ይላል። ይሄ ሁለተኛው ግን ለአብዛኛው ሰው በትእዛዝ የሚመጣ አይደለም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ሐኪም በሰው ፊት ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየለቀቀ ሞክሮት ነበር። የጉንጩን ጡንቻ ሲነካው አፉ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ቀልድ ነገረው። ያኔ ዓይኑም አብሮ ሳቀ! አንድ ቀልድ ኤሌክትሪክ ያልቻለውን ቻለ። መሣሪያ የሌለው ሰውም መሞከር ይችላል፦ መስተዋት ፊት ቆሞ አፉን በእጁ ይሸፍንና ፈገግ ይበል። ዓይን ብቻውን ሲቀር እውነቱን ይናገራል።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ዓይን ያወጣው ሕግ አልነበረም። ከባንኮኒው በውስጥ በኩል፣ እንግዳ በማያየው ቦታ፣ አንዲት ትንሽ መስተዋት አስለጥፏል። ዘንበል ስለተደረገች አቀርቅሮ ለሚያያት ሰው የምታሳየው አፍን ብቻ ነው። ጀነሬተር በሥራ ቀኗ ሁሉ አፏን ታያለች፤ አፏም ሁልጊዜ በቦታው ነው።

ጉዳት ያመጣው ይኸው በቦታው መገኘቱ ነው።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ የስፌት መኪናና አንድ ካውያ ከገቡባት በኋላ ሰው ለመግባት በጎኑ መዞር በሚያስፈልግባት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እናታቸው የምትኖረው ከታላቂቱ ጋር ነበር። ከታመመች ሰንበትበት ብላለች። ታናሺቱ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ታያታለች፤ እናታቸው ስታቃስት የምትነሳው፣ የምታገላብጣትና የምታጥባት ግን ታላቂቱ ነበረች።

ባንኮኒ ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። ስለዚህ የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ታላቅ እህቷ ደውላ ደውላ ሲያቅታት ራሷ መጣች። በሩን ገፍታ ገባች። ሽርጧን አላወለቀችም፤ እጅጌዋ ላይ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ምንጣፉን አለፈች። ነሐሷን ረገጠች።

ጀነሬተር ፈገግ አለች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለቻት፤ ለገዛ እህቷ።

«እማዬ አረፈች።»

ጀነሬተር ቃሉን ሰማች። ትርጉሙም ገባት። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲናድ ታወቃት። ፊቷ ግን አልሰማም። የአፏ ጥጎች እንደተሳቡ ቀሩ፤ እንዲያውም መውረድ ሲገባቸው ይባስ ብለው ወጡ። ቦርሳዋን ያነሳችው ፈገግ እንዳለች ነው። ቁልፎቹን ለባልደረባዋ ያስረከበችው ፈገግ እንዳለች ነው። ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ እንግዳ እንዲያውም፣ «መልካም ቀን ይሁንልሽ፣ ምን ደስ አለሽ ዛሬ!» ብሎ ሸኛት።

እህቷ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። የለቅሶው ሰሞን አንድ ቃል አላናገረቻትም። ሰው ከተበተነ በኋላ በር ላይ ይዛት፣ «እናታችን ሞታ ጥርስሽን አሳየሽኝ» አለቻት። «ስሠቃይ፣ ሳገላብጣት፣ ሳጥባት አንቺ ሆቴልሽ ነበርሽ። ይሁን፣ እንጀራሽ ነው። ግን ‘ተገላገልን’ ብለሽ መሳቅሽን እኔ እስክሞት አልረሳውም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

እዚህ ላይ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ እንደገና ፈገግ አለች።

እህቷ በሩን ዘጋችው።

ወጥመዱ እንዲህ ነው የተዘጋው። ጀነሬተር የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ፈገግታ የደስታ እንዳልነበረ እህቷ እንድታምናት። ይህን ለማስረዳት እህቷ ፊት መቆም አለባት። እህቷ ፊት ስትቆም ትፈራለች። ስትፈራ ደግሞ ፈገግ ትላለች። ይቅርታ የምትጠይቅበት ፊት ራሱ ጥፋቱን ይደግመዋል።

ስትፈራ ለምን ፈገግ ትላለች? ይሄ ጥያቄ ወደ ሩቅ ዘመን፣ ሰው ሰው ሳይሆን በፊት ወደነበረበት ይወስደናል። የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖችን ለብዙ ዓመት ቁጭ ብለው የተመለከቱ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ልብ ብለዋል። በብዙዎቹ መንጋዎች ውስጥ ጉልበተኛው ሲመጣ ደካማው ከንፈሩን ወደ ኋላ ስቦ ጥርሱን ያሳያል፤ ድምፅ አያሰማም፤ አይነክስም። «ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም፤ አትምታኝ» ማለቱ ነው። ሲጫወቱ የሚያሳዩት ፊት ከዚህ ይለያል፤ ያኔ አፋቸው ልቅ ብሎ ይከፈታል፣ ትንፋሻቸው ቶሎ ቶሎ ይላል፤ የእኛ ሳቅ የመጣው ከዚያኛው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ፈገግታ ግን፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት፣ የዚያ የፈሪው ጥርስ የልጅ ልጅ ነው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ነገር ግን «አትምታኝ» የነበረው ቀስ በቀስ «አልመታህም»፣ ከዚያም «ወዳጅህ ነኝ» ሆነ ብሎ ማሰብ እንዴት ያስደንቃል! በየቀኑ በር ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ የምንለዋወጠው ነገር ሥሩ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ደስታ ኋላ የገባ ተከራይ ነው። አሮጌው ባለቤት ደግሞ ቤቱን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ስንደነግጥ፣ ስናፍር፣ አለቃ ሲቆጣን ብቅ ይላል።

ጀነሬተር ይህን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው ፊቷ እንደከዳት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወደ ሱቁ ሄደች። እህቷ ከንፈሯ መሀል ስፒሎች ደርድራ የሰው ኮት ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ልብስ ሰፊ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ የስፒል ማስቀመጫው ነው። ጀነሬተር በሩ ላይ ቆመች። ፈገግ አለች። እህቷ ቀና ብላ አየቻትና የመኪናውን ፔዳል ረገጠች። በዚያ ጩኸት መሀል ማን ይሰማል?

ሁለተኛ ጊዜ ብልሃት ያገኘች መስሏት አፏን በእጇ ሸፍና ሄደች። ሳቋን የምታፍን መሰለች። «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ወጥተሽ እንደልብሽ ሳቂ» አለች እህቷ፣ ስፒሎቹን ሳታወጣ በጥርሷ መሀል።

በስልክም ሞከረች። ስልክ ፊት አያሳይም ብላ ነበር። ግን ድምፅም ፈገግ ይላል። የአፍ ጥግ ሲሳብ የድምፁ መውጫ ይቀየራል፤ የሚሰማው ሰው ሳያይ ያውቀዋል። ይባስ ብሎ እህቷ «ሀሎ» ስትል ጀነሬተር ከድንጋጤዋ የተነሳ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልታዘዝ?» አለቻት። ስልኩ ተዘጋ።

ብቻዋን ስትሆን ፊቷ ይታዘዛታል። የተከራየቻት ክፍል ውስጥ በሯን ቆልፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አፏ ይወርዳል፤ ታለቅሳለች፤ እንደ ማንኛውም እናቷ እንደሞተችባት ሰው ታለቅሳለች። እህቷ ማየት የነበረባት ያን ፊት ነው። ያ ፊት ግን ሰው በሌለበት ብቻ ይመጣል፤ የጎረቤት ኮቴ እንኳ ከኮሪደሩ ሲሰማ ዘሎ ይደበቃል።

ሥራ አስኪያጁን ከባንኮኒው እንዲያነሳት ለመነችው። ልብስ ማጠቢያም ቢሆን፣ መጋዘንም ቢሆን።

«አንቺን ከፊት አንስቼ ማንን ላቁም?» አላት። «አንቺ እኮ የሆቴሉ ፊት ነሽ!»

«ፊቴን አሞኛል።»

«ይኸው ፈገግ እያልሽ! የታመመ ሰው እንደዚህ ይላል?»

ሲወጣ እየሳቀ ነበር። እሷም የምትስቅ መሰለች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጭር ሲል ወደ በረኛው ሄደች። ሽማግሌው ሰው አይሸነግሉም።

«አባባ፣ ባንኮኒው ጋ ስቆም እውነት የምስቅ እመስላለሁ?»

«ልጄ፣ እኔ የማየው ሲገቡ ፊታቸውን፣ ሲወጡ ጀርባቸውን ነው። ያንቺን ፊት ያየሁት ከሩቅ ነው። ከሩቅ ደግሞ ጥርስ ሁሉ ያምራል።»

«ከቅርብስ?»

ጠጋ ብለው አዩዋት። «ከቅርብ እንኳ» አሉ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መልሰው፣ «እንኳን በሩ ጋ ቆምኩ ያሰኘኛል።»

የሚገርመው፣ ይህን ፊት ከእህቷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። እናታቸው ደጋግማ ታወራው የነበረ ታሪክ አለ። ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንቅልፍ ልባቸው ፈገግ ይላሉ። ማንንም አይተው አይደለም፤ ጡንቻው ገና ራሱን እየሞከረ ነው። ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱትም ፈገግ ይላሉ፤ ስለዚህ ከሰው አይተው የቀዱት ሊሆን አይችልም። ወደ ሁለተኛው ወር ግድም ነው ሕፃኑ ነቅቶ፣ የሰው ፊት አይቶ፣ ለዚያ ሰው ብሎ ፈገግ የሚለው። ታናሺቱ ስትወለድ ታላቂቱ ትንሽ ልጅ ነበረች። የሕፃኗን የእንቅልፍ ፈገግታ አንድ ቀን አይታ ጉድ አለች፤ ከዚያ ወዲህ አልጋው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀምጣ መጠበቅ ሆነ ሥራዋ። ብይ ብትባል አትነሳም፤ ተኚ ብትባል አትነሳም። «ስሄድ ብትስቅስ?» ትላለች። ሕፃኗ ነቅታ የመጀመሪያውን እውነተኛ ፈገግታ ስትሰጥ ፊቷ ላይ ያጎነበሰችው እናትየው አልነበረችም፤ ይች ጠባቂ ነበረች። «ለኔ ነው የሳቀችው! ለእማዬ አይደለም፣ ለኔ ነው!» እያለች ግቢውን ዞረችው።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ታናሺቱ ሲቆጧት የምትስቅ ልጅ ሆነች። አስተማሪው የቤት ሥራዋን ስላልሠራች ሲጮኽባት ጥርሷ ብልጭ አለ። «ትስቂብኛለሽ!» ብሎ በማስመሪያ መዳፏን መታት። ጥርሷ ይበልጥ ብልጭ አለ። እንደገና ሊመታት እጁን ሲያነሳ ከጎን ክፍል ታላቅ እህቷ ሮጣ ገብታ መሀል ቆመች፤ «ቲቸር! ፈርታ ነው እንጂ ስቃ አይደለም! እሷ ስትፈራ ነው የምትስቀው!» አለችው። አስተማሪው ሁለቱንም አንበረከካቸው። ጎን ለጎን ተንበርክከው ሳለ ታናሺቱ ደረቷን ነፍታ ነበር፤ የሚያውቃት ሰው አለና።

ሐዘን ግን ያወቁትን ያስረሳል። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሐዘንተኛ ደግሞ ቁጣውን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል።

እንዲህ እንዳሉ የሆቴሉ የደንብ ልብስ ሊቀየር ሆነ። የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ጥሩ ልብስ ሰፊ ስታፈላልግ ታላቂቱን አገኘቻት፤ የማን እህት እንደሆነች አላወቀችም። ልብስ ሰፊዋም የሆቴሉን ስም ስትሰማ እንቢ ልትል ከንፈሯን አላቃ ነበር። ምን እንዳሰበች እሷ ታውቃለች፤ «ልክ ልወስድ እመጣለሁ» አለች።

የመጣችው በሠራተኞች በር፣ በጓሮ በኩል ነው። ስለዚህ ነሐሷን አልረገጠችም። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችውን የሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል ሰጧት። የክፍሏ በር ገርበብ ሲል ባንኮኒው ከጎን በኩል ይታያል፤ እንግዳ በማያየው በኩል።

አንድ በአንድ ገቡላት። ጽዳቶቹን ለካች፤ ምግብ አብሳዩን ለካች። በረኛው ገብተው እጃቸውን ዘረጉና፣ «ሆዴን ስትለኪ ትንፋሼን ልያዝ ወይስ እውነቱን ትወስጃለሽ?» አሏት።

«እርስዎ ይያዙ፤ ሜትሩ ይናገራል» አለች። ስፒሎቹ ከንፈሯ መሀል ነበሩ፤ ደግነቱ ሳቋን ያዙላት።

የቀረችው ጀነሬተር ብቻ ነበረች። እሷ ግን ተተኪ ሳይመጣላት ከባንኮኒው አትነቃነቅም። እህቷ ከጀርባዋ እንዳለች ታውቃለች። የሜትሩን ሲጥ ማለት፣ የመቀሱን ድምፅ ትሰማለች። ልዙር? ብዞር ምን ይመጣል? እንደምታውቀው ነው የሚመጣው። አልዞረችም።

በዚህ መሀል ነበር ባለ ትልቅ ሻንጣው ሰውዬ ነሐሷን ረግጦ የመጣው። ፈገግ አለች። ሰውዬው ክፍሉን አስቀድሞ ይዞ ነበር፤ ክፍሉ በስህተት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ ሌላ…»

«ሌላ? ከመንገድ መጥቼ፣ ደክሞኝ፣ ሌላ ትይኛለሽ? ደግሞ ምን ያስገለፍጥሻል?»

ፈገግታዋ ሰፋ።

«ቀልድ የነገርኩሽ መሰለሽ?»

«አይደለም ጌታዬ።»

«ታዲያ ማን ላይ ነው የምትገለፍጪው!» ብሎ ባንኮኒውን በመዳፉ ደበደበው። ቁልፎቹ ዘለሉ። የጀነሬተር ፈገግታ ድዷ እስኪታይ ሰፋ።

ከባንኮኒው ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የሚታየው ይህ ነው፤ በሰው ብሶት የምትደሰት ሴት። ልብስ ሰፊዋ ግን ያየችው ከጎን ነው። ከጎን ደግሞ ከባንኮኒው በታች ያለው ሁሉ ይታያል። ጀነሬተር አንድ እግሯን በሌላው ላይ አነባብራ እንደ ልጅ ቆማለች። ግራ እጇ የጃኬቷን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ ይጠመዝዘዋል፤ ክር ሲበጠስ ተሰማ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር፤ ልብስ ሰፊ ግን ጨርቅ ያነባል። ያ ጠርዝ ዛሬ የተተረተረ አልነበረም። በጥቁር ክር ተሰፍቶ ተበጥሷል፤ በሰማያዊ ተሰፍቶ ተበጥሷል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ ጥቁር። ስፌት በማታውቅ እጅ፣ ወጣ ገባ እያለ፣ በላይ በላዩ ተጠግኗል። የቀኝ ጠርዙ እንደ አዲስ ነው። ይህ ጃኬት በየቀኑ በአንድ ቦታ ይቀደዳል።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ ወደ መዳፏ አወጣች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ባንኮኒው ወጣች።

«ጌታዬ፣ ፈርታ ነው እንጂ እየሳቀችብዎት አይደለም።»

ሰውዬው ዞሮ አያት። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ታላቅ እህቷ ነኝ።»

«እና… ለምን ትፈራኛለች? እኔ ምን አደረግኳት?»

«መዳፍዎን ከባንኮኒው ያንሱላትና ይጠይቋት።»

ሰውዬው መዳፉን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። አነሳውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጩኸቱን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ፤ ከሩቅ ጀምሮ ፈገግ እያለ፣ ሁለት እጁን እያፋተገ። የሱም ዓይን አልሳቀም። የሱን ጃኬት ጠርዝ ያየለት ሰው ግን አልነበረም።

«የሷ ልክ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «እርስዎ እንግዳውን ይያዙልኝ፤ እኔ እሷን ልውሰዳት።» መልስ ሳትጠብቅ ክንዷን ይዛ ወደ ሻንጣው ክፍል አስገባቻት።

ውስጥ ሻንጣዎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ለሁለት ሰው የቀረው ቦታ ከሱቋ አይሰፋም።

«እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋች። ፈገግታው አሁንም አለ።

«ከስተሻል። ትከሻሽ የት ገባ?»

«እትዬ፣ አልወልቅ አለኝ» አለች ጀነሬተር፣ በተሳበው አፏ። «ያን ቀንም አልወልቅ ብሎኝ ነው። እማዬን እኔ…»

«ዝም በይ፣ ደረትሽን እየለካሁ ነው። ስታወሪ ልኩ ይበላሻል።»

ለካች። ደግማ ለካች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለካ ሜትሩን የምታነብ አትመስልም ነበር።

«ለቲቸሩ ማን ነበር የነገረው?» አለች።

«አንቺ።»

«እኔ። ታዲያ እኔ ራሴ እንዴት ይጠፋኛል?» የጃኬቱን ግራ ጠርዝ ይዛ ጣቷን በላይ በላዩ በተሰፋው ክር ላይ አሄደች። «ይሄንን ደግሞ ማን ነው የሰፋው? ዶሮ ጭራበት ነው የሚመስለው።»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል። ልብስ ሰፊ እህት እያለሽ!»

ጀነሬተር እንባዋ መጣ። አፏ ፈገግ እንዳለ፣ እንባው በተሳበው ጉንጯ ላይ ወረደ። እህቷ ጠርዙን ለቀቀችና በሁለት አውራ ጣቶቿ የአፏን ጥጎች ያዘች፤ ስፌት ላይ ያኮረፈ ጨርቅ እንደምታለሰልስ ሁሉ ወደ ታች ደበስ ደበስ አደረገቻቸው። ትንሽ ወረዱ። ተመልሰው ወጡ።

«ተይው» አለች እህቷ። «ሲፈልግ ይውረድ። ስሚኝ ደግሞ፣ ስለ ማጠቡና ስለ ማገላበጡ ያልኩት አልቀረም። ተናድጄብሻለሁ። እሱን ሌላ ቀን ተቀምጠን እንጣላበታለን።»

«እሺ።»

«ቤት መጥተሽ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ከውጭ ሥራ አስኪያጁ ጠራት። ተተኪዋ ገና አልመጣችም፤ ሌላ እንግዳ ታክሲ እየከፈለ ነው። ጀነሬተር ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወጥታ ባንኮኒው ጋ ቆመች። ትናንት የቆመችበት ቦታ ነው፤ ነገም የምትቆምበት። መስተዋቷ አፏን አሳየቻት።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋን አነገበች። የመጣችበት የጓሮ በር ቅርብ ነበር፤ እሷ ግን በአዳራሹ መሀል አቋርጣ ወደ ትልቁ በር ሄደች። ነሐሷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዞረች። እንደ ድሮው በርጩማ አልነበራትም፤ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የእህቷን ፊት እያየች መጠበቅ ጀመረች።

«እመቤት፣ ይወጣሉ ወይስ ይገባሉ?» አሉ በረኛው፣ በሩን እንደያዙ።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባባ። አንድ ነገር እስኪወርድ ነው።»

ውጭ የቆመው እንግዳ ሻንጣውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። በረኛው አስቆሙት። ከባንኮኒው ጀርባ መጀመሪያ የግራው ጥግ ላላ፤ ቆይቶ የቀኙ። ከዚያ ፊቷ ሁሉ ወረደ፤ ድካሙ፣ እናቷ፣ ያለቀሰችባቸው ቀናት ሁሉ በግልጽ ወጡበት። አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ሆና ስትታይ የመጀመሪያዋ ነው። እህቷ ለአፍታ አየቻትና፣ ልኩ የተስማማላት ልብስ ሰፊ እንደምታደርገው፣ አንዴ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳዋን አነሳች፤ ነሐሷን ተሻግራ ወጣች።

በረኛው በሩን ለቀቁት። ቀጣዩ እንግዳ ምንጣፉን አለፈ፤ እግሩን ከነሐሷ ወዲህ አሳረፈ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች ጀነሬተር።

ግራ እጇ ከባንኮኒው በታች ጠርዙን ፈለገ። አገኘው። የያዘው ግን ሳይጠመዝዘው ነው።